ፓሪስን እምቢ ያለው ኬሚስት፦ ፖል ሳባቲዬ እና የሽንፋው ጀሪካን

ሽንፋ ላይ አንድ ሱቅ ግቡና ዘይት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ ቢጫ ጀሪካን ያወጣላችኋል፤ ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት። ከሱቁ ወጥታችሁ ዙሪያውን ስታዩ ደግሞ ሀገሩ ሰሊጥ ነው። የሽንፋ ወንዝ ራሱ በዚያ የሰሊጥ ቆላ አልፎ ሱዳን ሲገባ ስሙን ቀይሮ ራሃድ ይባላል። ሰሊጡም እንደ ወንዙ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደግሞ ከሌላ ዓለም በጀሪካን ይመጣል።

ያንን ጀሪካን ሽንፋ ሙቀት ውስጥ ብታስቀምጡት እንደ ውኃ ይፈሳል። ጎንደር ወስዳችሁ በጠዋቱ ብርድ ስትከፍቱት ግን እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ያኔ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ ኬሚካል ጨምረውበት ነው!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፓልም የሚረጋው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው፤ ማንም ምንም ስላደረገው አይደለም። ሆኖም ፈሳሽ ዘይትን በፋብሪካ እንዲረጋ ማድረግ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ያ ነገር ከአንድ ፈረንሳዊ መምህር ቤተ ሙከራ ነው የወጣው። ስሙ ፖል ሳባቲዬ ይባላል። ጀሪካኑን እያየን የዚህን ሰው ሕይወት እናውራ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ጀሪካኑ እንመለሳለን፣ ምክንያቱም የሰውዬው እጅ ያለው እኛ በጠረጠርንበት ቦታ ላይ አይደለም።

የክፍለ ሀገር ልጅ

ሳባቲዬ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1854 ኅዳር ወር ውስጥ፣ ካርካሶን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ፓሪስ ወደሚገኘው ታዋቂው የመምህራን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1877ም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ኒም በምትባል ከተማ አንድ ዓመት ያህል ሁለተኛ ደረጃ አስተማረ። ከዚያ በዘመኑ የፈረንሳይ ኬሚስትሪ ንጉሥ በነበረው በማርስላን ቤርትሎ ሥር ረዳት ሆኖ ፓሪስ ተመለሰ። በ1880 ዶክትሬቱን ያዘ።

እዚህ ላይ የተለመደው የሕይወት ታሪክ ቢሆን ኖሮ ልጁ ፓሪስ ይቀራል፣ ወንበር ይጠብቃል፣ ይሾማል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሳባቲዬ ግን ቦርዶ ትንሽ ቆይቶ በ1882 ቱሉዝ ገባ። ቱሉዝ ከትውልድ ከተማው ብዙም አትርቅም። በ1884 ገና በ30 ዓመቱ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያች ከተማ ደግሞ እስኪሞት አልወጣም።

ለጊዜው ስሜት እንዲኖራችሁ፦ አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመጋቢት 1889 ነው። ያኔ ሳባቲዬ 34 ዓመቱ ነበር፤ ቱሉዝ ውስጥ የሚያስተምር፣ ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙም የማይታወቅ መምህር።

ከብረት ጋር የሚዋሃድ ጋዝ

በ1890 እንግሊዝ ሀገር የሚሠራው ሉድቪግ ሞንድ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጉድ አገኘ። ኒኬል የሚባለው ብረት ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ ተዋህዶ እንደ ጋዝ ሊተን የሚችል ነገር ይሆናል። ብረት ይተናል! ሳባቲዬ ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ መጣለት። ኒኬል ካርቦን ሞኖክሳይድን እንዲህ የሚይዝ ከሆነ፣ ሌሎች ገና ያልሞሉ፣ ተጨማሪ ነገር ለመያዝ ክፍት የሆኑ ጋዞችንስ አይዝም ወይ?

ይህን ጥያቄ ብቻውን አልተከተለውም። ዣን ባቲስት ሰንደረንስ የሚባል አብሮት የሚሠራ ሰው ነበር። ሰንደረንስ የካቶሊክ ቄስ ነው፤ እዚያው ቱሉዝ በካቶሊክ ኢንስቲትዩት ኬሚስትሪ ያስተምራል። ስሙን ያዙት።

በ1896፣ የአድዋ ዓመት መሆኑ ነው፣ ፓሪስ ያሉት ሄንሪ ሙዋሳን እና ሻርል ሙሩ አሴቲሊን የተባለውን ጋዝ በደቃቅ ኒኬል ላይ አሳለፉት። ኒኬሉ ፍም መሰለ፣ ጥላሸት ተከመረ፣ ጋዝ ወጣ። እነሱም የወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው ብለው ደመደሙ። ሳባቲዬ ግን አላመነም። የሚገርመው ሥነ ምግባሩ ነው፤ ዝም ብሎ አልገባበትም። ሙከራውን ሊቀጥሉበት ያስቡ እንደሆነ ሙዋሳንን ጠየቀ። እንደማይቀጥሉ ካወቀ በኋላ ነው እሱና ሰንደረንስ ሥራውን የያዙት።

እነሱ የጀመሩት በአሴቲሊን ዘመድ በኢቲሊን ነው። የወጣውን ጋዝ በጥንቃቄ ሲመረምሩት ሃይድሮጅን ብቻ ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙው ኢቴን ነበር። ኢቴን ማለት ሃይድሮጅን የተጨመረበት ኢቲሊን ነው። ስለዚህ ኒኬሉ ሃይድሮጅንን ወስዶ ለኢቲሊን አቀብሏል ማለት ነው! በ1897 ኢቲሊንና ሃይድሮጅንን ሆን ብለው ቀላቅለው በኒኬል ላይ አሳለፉ። ሠራ። ኒኬሉም አላለቀም።

ኮሚሽን የማይቆርጥ ደላላ

ካታሊስት የሚባለው ነገር ይሄ ነው። ሰሊጥ ንግድ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ደላላን አስቡ። ገዢና ሻጭ አሉ፣ ግን አይተዋወቁም። ደላላው ሁለቱን ያገናኛል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ እሱ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ኒኬልም እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ኮሚሽን አለመቁረጡ ነው።

ሳባቲዬ ከሌሎች የበለጠው ይህ እንዴት እንደሚሆን ባሰበበት መንገድ ነው። ብዙዎች ካታሊስት ማለት ጋዝን እንደ ስፖንጅ መጥጦ የሚያጨናንቅ ነገር ነው ይሉ ነበር። እሱ ግን ኒኬሉ ከሃይድሮጅኑ ጋር በእውነት ይዋሃዳል፣ ውህዱ ግን ለአፍታ ብቻ የሚቆይ ነው አለ። እዚህ ላይ ነው ዛሬ በስሙ የሚጠራው መርህ የመጣው፦ ጥሩ ካታሊስት አላልቶም አጥብቆም አይዝም። ከላላ ምንም አይሆንም። ከጠበቀ ደግሞ የያዘውን አይለቅም፣ ቦታው ይዘጋል፣ ሥራው ይቆማል። ዛሬ ካታሊስት የሚቀርጹ ሰዎች በኮምፒውተር የሚያሰሉት አንዱ ዋና ነገር ይኸው የመያዝና የመልቀቅ ሚዛን ነው።

በ1901 እሱና ሰንደረንስ ቤንዚን የተባለውን ውህድ (የባጃጅ ነዳጁን አይደለም፣ የካርቦን ቀለበቱን) በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በኒኬል ላይ አሳልፈው ንጹሕ ሳይክሎሄክሴን አደረጉት። ታላቁ ቤርትሎ በሌላ መንገድ ሞክሮ ያልተሳካለት ነገር ነበር። የፓሪሱ ጌታ ያቃተውን የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ ረዳት አደረገው ማለት ነው። በ1902 ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሃይድሮጅን ሚቴን አደረጉ። ይህ ዘዴ ዛሬም የሳባቲዬ ሪአክሽን ይባላል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ጠፈርተኞች ከሚያስወጡት ትንፋሽ ውኃ መልሶ ለማግኘት የዋለው ይኸው ነው።

ሥራው ግን በጣም ስስ ነው። ጥቂት ድኝ ከገባ ኒኬሉ ይመረዛል፣ ይሞታል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሥራው ይገለበጣል፤ ሃይድሮጅን ይሰጥ የነበረው ብረት መልሶ ይነጥቃል። ብረቱ በሙቀት ተጋግሮ እንዳይጓጉል ደግሞ ቀዳዳ በበዛበት አፈር መሰል ነገር ላይ በጣም ደቅቆ ይበተናል። በርበሬ በሸራ ላይ ስታሰጡ የምታደርጉት ማለት ነው። ከከመራችሁት ፀሐይ የሚያገኘው የላዩ ብቻ ነው፤ ከበተናችሁት ግን እያንዳንዷ ፍሬ ትሠራለች። ኒኬልም የሚሠራው በገጹ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ብረት ተበትኖ ብዙ ይሠራል። ተሸካሚ ያለው ካታሊስት የሚባለው ይህ ነው።

ገንዘቡ የት ሄደ?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይቺን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። ሳባቲዬ የሚሠራው በጋዝና በትነት ነበር። ዘይት ደግሞ አይተንም፤ ከመትነኑ በፊት ይቃጠላል። ስለዚህ ዘዴው ዘይት ላይ አይሠራም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቪልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የእነሳባቲዬን ሥራ አንብቦ በ1901 በፈሳሹ ላይ ሞከረው። ኒኬሉን ከዘይቱ ጋር ቀላቅሎ ሃይድሮጅን ለቀቀበት። ፈሳሹ ረጋ! በ1902 የፈጠራ መብቱን በጀርመን አስመዘገበ፣ በ1903 ደግሞ በእንግሊዝ። በ1911 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል አሜሪካ ውስጥ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራውን ክሪስኮ ገበያ ላይ አወጣ። ርካሽ ፈሳሽ ዘይት ተወደደ፣ የማይበላሽ የሚረጋ ቅባት ሆነ፣ ማርጋሪን ተስፋፋ፣ ኢንዱስትሪ ተወለደ።

ሳባቲዬስ? ቱሉዝ ውስጥ እያስተማረ ነበር። ሐሳቡን አሳትሞ ለዓለም ሰጥቷል። ያነበበ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ አንዱ ስለተጠቀመበት ለሌላው አያልቅም። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን የሕዝብ ሸቀጥ የሚሉት ነው። ብሩ የሚገኘው ግን ከሐሳቡ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ ሐሳቡን በርሜል ውስጥ አስገብቶ ሸቀጥ ያደረገው ወሰደው። የሽንፋ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ሰሊጡን የሚያበቅለው እሱ ነው፤ አብዛኛው ግን በጥሬው ነው የሚወጣው፣ የተጨመረው ዋጋ ሌላ ሀገር ይቆጠራል።

እምቢታው

1907 ለፈረንሳይ ኬሚስትሪ የሐዘን ዓመት ነበር። የካቲት ላይ ሙዋሳን ሞተ፣ በወሩ ደግሞ ቤርትሎ። ፓሪስ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ወንበሮች ባዶ ሆኑ፣ ሳባቲዬም እንዲመጣ ተጋበዘ። የሙያው ሰው ሁሉ የሚመኘው ቦታ ነው። እሱ ግን ቱሉዝ ይሻለኛል ብሎ ቀረ።

ይህ ዋጋ ነበረው። በዘመኑ ደንብ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ለመሆን ፓሪስ መኖር ግድ ነበር። ክፍለ ሀገር የቀረ ሰው የቱንም ያህል ቢሠራ በሩ ዝግ ነው። እሱ ግን ተቀምጦ አላለቀሰም፤ ከተማውን ገነባ። ከ1905 ጀምሮ የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ሆኖ ለሃያ ምናምን ዓመታት አገለገለ። በእሱ ዘመን ቱሉዝ ውስጥ የኬሚስትሪ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የግብርና ተቋማት ተከፈቱ። ልጆች ለመማር ፓሪስ መሄድ የማይገደዱበት ከተማ ሆነች።

በ1912 የኖቤል ኬሚስትሪ ሽልማት መጣ። ሳባቲዬ ከቪክቶር ግሪኛር ጋር ተካፈለው። ግሪኛርም የፓሪስ ሰው አልነበረም፤ ናንሲ ላይ ነበር የሚያስተምረው። ሁለት የክፍለ ሀገር መምህራን በአንድ ዓመት! በ1913 አካዳሚው ከፓሪስ ውጭ ለሚኖሩ ሊቃውንት ስድስት ወንበር ከፈተ። መጀመሪያ የተመረጠው ሳባቲዬ ነው። እሱ ወደ በሩ አልሄደም፤ በሩ ወደ እሱ መጣ።

የቄሱ ጉዳይ

አሁን ያዙት ወዳልኳችሁ ስም እንመለስ። ሰንደረንስ ሽልማቱ ውስጥ የለም። ከኢቲሊኑ ጀምሮ፣ በቤንዚኑ፣ በሚቴኑ ሁሉ ጽሑፎቹ ላይ ሁለቱም ስሞች አሉ። ስቶክሆልም ላይ ግን የተጠራው አንዱ ነው። ሽልማቱ በወቅቱ በሁለት መከፈሉ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ለግሪኛር ሌላ ሥራ ተሰጠ። ሳባቲዬ በኖቤል ንግግሩ የሰንደረንስን ስም አልደበቀም። ቢሆንም ስም መጥራትና ሽልማት መካፈል አንድ አይደሉም።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል ትልቅ ጠብ ነበር፤ በ1905 ሁለቱን የሚለይ ሕግ ወጥቷል። ቀሚስ የለበሰ ቄስ በዚያ አየር ውስጥ ሳይንቲስት ሆኖ መታየቱ ቀላል አልነበረም። ኮሚቴው ውስጥ ምን እንደታሰበ መገመት አልፈልግም። እኔ የምለው ይሄን ብቻ ነው፦ የቡድን ሥራ ስታነቡ የሽልማቱን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን ርዕስ ሥር ያሉትን ስሞችም እዩ። ሰንደረንስ በ1937 አረፈ። ዛሬ ከኬሚስቶች ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም

የሳባቲዬ ዘዴ ወደ ኩሽና ሲገባ አንድ ጣጣ ይዞ ገባ፤ የገባው ግን ማንም ሳያውቅ ነው። የዘይት ሞለኪውል ረጅም የካርቦን ሰንሰለት አለው፤ በአንዳንድ ቦታው ላይ ሃይድሮጅን ያልሞላበት ክፍት አለ። ሰሊጥና ኑግ ፈሳሽ የሆኑት ክፍቱ ስለሚበዛ ነው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይጎብጣል፣ ስለዚህ ተደርድሮ አይረጋም። ክፍቱን ሁሉ ከሞላችሁት እንደ ሻማ ይደርቃል። ፋብሪካዎች የሚፈልጉት መሃሉን ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ። ስለዚህ ሥራውን ግማሽ ላይ ያቆሙታል።

ግማሽ ላይ ሲቆም ግን ኒኬሉ ይዞ የለቀቃቸው፣ ሃይድሮጅን ሳያገኙ የተመለሱ ሰንሰለቶች አሉ። ሲመለሱ ጉብጠታቸው ተቃንቶ ነው። ትራንስ ፋት የሚባለው ይሄ ነው። በ1990 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምርና ጥሩውን እንደሚቀንስ አሳየ። ዴንማርክ በ2003 ከሁሉ ቀድማ ገደብ ጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በፋብሪካ የሚመጣው ትራንስ ፋት ከዓለም ምግብ እንዲወጣ ጥሪ ሲያቀርብ፣ በየዓመቱ ከ500,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሳቢያ በልብ ሕመም እንደሚሞቱ ገምቷል።

ስለዚህ እኛ የምንፈራው የረጋውን ዘይት ነው፤ ማየት ያለብን ግን ጽሑፉን ነው። ብስኩት፣ ኬክ፣ ማርጋሪን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት የሚል ካገኛችሁ መልሱት። ፓልም ብዙ የሚረጋ ቅባት ስላለው እሱም ልክ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ወደ ጀሪካኑ እንመለስ

ሳባቲዬ እዚህ የለም አልኳችሁ? አለ። መጀመሪያ ፕላስቲኩን እዩ። የጀሪካን ፕላስቲክ የሚሠራው ከኢቲሊን ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ኢቲሊን ውስጥ ግን ጥቂት አሴቲሊን ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ፕላስቲክ የሚሠራውን ካታሊስት ይመርዛል። መፍትሔው በአሉሚና ላይ የተበተነ ፓላዲየም ነው፤ አሴቲሊኑን ብቻ መርጦ ሃይድሮጅን ይሰጠዋል፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ኢቲሊን ግን ሳይነካ ያልፈዋል። ልብ በሉ፣ ሳባቲዬ በ1897 የተደሰተበት ኢቲሊንን ኢቴን ማድረግ እዚህ ኪሳራ ነው! ትክክለኛውን በር ብቻ የሚያንኳኳ ደላላ ነው የሚፈለገው።

ቀጥሎ ጽሑፉን አንብቡ። ብዙዎቹ ጀሪካኖች ላይ ቫይታሚን ኤ ተጨምሮበታል ይላል። ሄርበርት ሊንድላር የተባለ ኬሚስት በ1952 ፓላዲየምን በኖራ ድንጋይ ዱቄት ላይ በትኖ፣ ሆን ብሎ በእርሳስ በትንሹ መርዞ ይፋ አደረገው። የተመረዘው ብረት ስለሚሰንፍ ሦስት እጥፍ የነበረውን ትስስር ሁለት እጥፍ ሲያደርስ ያቆማል። ቫይታሚን ኤ በፋብሪካ ሲሠራ ከሚያልፍባቸው ደረጃዎች በአንዱ ይህ ካታሊስት ገብቷል። ሳባቲዬ ጠላት ያለው መርዝ እዚህ መሣሪያ ሆነ።

እንግዲህ ሽንፋ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ጀሪካን፣ ዘይቱ ያልነካውን ሰውዬ በፕላስቲኩና በቫይታሚኑ ተሸክሞ ቆሟል።

ሳባቲዬ ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ሥዕልና አትክልት የሚወድ ሰው ነበር ይባላል። ሚስቱ በ1898፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ስኬት በመጣች በዓመቷ ሞታበት አራት ሴት ልጆች ይዞ ቀረ፤ ሌላም አላገባም። በነሐሴ 1941፣ ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ወድቃ ሳለች፣ በ86 ዓመቱ እዚያው ቱሉዝ አረፈ። በኋላ የከተማዋ የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተጠራ።

ሁላችንም ከሆነ ቦታ ነን። ከሽንፋ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከደባርቅ። ትልቅ ነገር የሚሠራው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ብቻ ነው እየተባለን ነው ያደግነው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ መሣሪያውም ገንዘቡም እዚያ ነው። የሳባቲዬ ሕይወት ግን ሌላ ሒሳብ ያሳያል፦ ጥያቄ ያለው ሰው የተቀመጠበት ቦታ ማዕከል ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡ ሰንደረንስን የመሰለ ጓደኛ ካለና የሚሠራበት ላብራቶሪ ከተሰጠው። ሰሊጥ መሃል ያደገች አንዲት የሽንፋ ተማሪ ዘይቷን ከማንም በላይ ታውቃለች። የጎደላት ጥያቄ አይደለም። ከቤቷ ሳትርቅ የምትጠይቅበት ቦታ ነው።